እናቴ እህቷን የጠበቀችበት ክረምት

ጤና አዳም ሰው ሁሉ ሲያሸተው ደስ ይለዋል፤ እኔን ያቅለሸልሸኛል። በቅርቡ ገበያ መሃል ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ባልቴት ከጎኔ አንድ እፍኝ ቅጠል በመዳፏ አሽታ ወደ አፍንጫዋ ስትወስደው ሽታው በድንገት መጥቶ ያዘኝና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የእናቴን የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን የነሐሴ ዝናብ፣ በራፉ ላይ ቆመው መዳፋቸውን አፍንጫቸው ላይ ደፍነው ከመግባታቸው በፊት በረጅሙ የሚስቡትን ሴቶች አየሁ። ባልቴቷ እንዳፈጠጥኩባት አይታ «እንካ ወንድሜ፣ ለጉንፋንም ይሆናል» ብላ ቀንጠብ አድርጋ ብትዘረጋልኝ ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ። ባለጌ ሳትለኝ አልቀረችም። ትበል።

ያደግሁት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች፣ ኮረኮንቹ አልቆ ጭቃ ከሚሆንበት በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ሥር ከተለጠፉት ቤቶች በአንዱ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ ቀበሌው ጠርቶ «ለእናት አገሩ ወድቋል» ብሎ ከነገረን በኋላ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። እናቴ ብርቄ ትባል ነበር። ከተራራው ማዶ፣ ከሱሉልታ የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ስትቆጣ በአማርኛ ትቆጣ ነበር፣ ስትስቅና ስታለቅስ ግን በኦሮምኛ። እኔ የሁለቱንም ቋንቋ ስድብ አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ፊደል ግን አንድም አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ከኋላው የሚሠራለት ሰው ያለው ልጅ ነው።

በበጋ እናቴ እንደ መንደራችን ሴቶች ሁሉ ጎሕ ሲቀድ እንጦጦ ትወጣና፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ፣ ከቁመቷ የሚረዝም ሸክም አስራ፣ የደን ዘበኛው ቆመጡን ይዞ ሳይደርስባት ወገቧ ጎብጦ ቁልቁል እየሮጠች ወርዳ ትሸጥ ነበር። ሸክሙን የሚይዘው ገመድ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ነው የሚቋጠረው። በአንደኛው በጋ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ቋጠሮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከግራ ጡቷ ከፍ ብሎ፣ ባቄላ የምታክል እብጠት ወጣችባት። እናቴ ገመዱ ነው ያቆሰለኝ ብላ ቋጠሮውን ወደ ቀኝ አዞረችው፤ እብጠቷ ግን ባቄላነቷን ትታ እንቁላል አከለች። ጡት ለሐኪም ይታያል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ነውር ነው ብሎ የነገራት ግን ሞልቷል። ስለዚህ ነገሩን የምታውቀው አብራት እንጨት የምትለቅመው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ብቻ ነበረች።

«አንቺ ሴትዮ በቅሎ ነሽ እንዴ? ሸክሙን ቀንሺ አላልኩሽም?» ትላት ነበር እትዬ አስካለ።

«በቅሎስ ስትታመም የሚጨነቅላት ጌታ አላት» ትል ነበር እናቴ፤ ከዚያ ሁለቱም ከት ብለው ይስቁ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የግራ ክንዷ አልነሣ አላት። ጠበል ሞከረች፣ የጎረቤት ቅጠል ቀጥቅጣ ለጠፈች፣ በመጨረሻ እትዬ አስካለ ነውሩንም ስሙንም ትታ ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ መንገሻ ነገረቻቸው። ጋሽ መንገሻ በጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ላይ ሲታዩ እንኳን ልጅ፣ ውሻም መንገድ ይለቅላቸው ነበር። በማግስቱ እናቴንና እኔን አስከትለው ከተማ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰዱን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር። እናቴን መረመራትና ኮሪደር ላይ ተቀመጪ ብሎ፣ እንደ ደንቡ «የቤተሰቡ ሽማግሌ ማነው?» ሲል ጋሽ መንገሻ ገቡ፤ እኔም ከካፖርታቸው ኋላ ተሸጉጬ ገባሁ።

«ነቀርሳ ነው አባቴ» አላቸው። «ከጡቷ አልፎ ብብቷ ውስጥ ገብቷል። በጣም ዘግይታለች።»

«ስንት ጊዜ አላት?»

«ክረምቱን ካለፈች ጥሩ ነው። ሕመሙን የሚያስታግስ እሰጣችኋለሁ። ለእሷ እንዴት እንደሚነገራት እናንተው ታውቃላችሁ።»

ጋሽ መንገሻ በሩ ላይ ጥቂት ቆመው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወጥተው፣ «በይ ተነሺ ብርቄ! ውጋት ነው ተብለሻል፤ ያ የእንጦጦ ብርድ ነው የገባብሽ!» አሏት። በአውቶቡሱ ላይ እስከ ቤታችን ድረስ የጦር ሜዳ ቀልድ እያወሩ አሳቋት። እኚያ ሰውዬ ሲስቁ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው እሑድ የእድሩ ሰዎች ጋሽ መንገሻ ግቢ ተሰብስበው መከሩ። ያኔ ያደረጉትን በክፋት አላደረጉትም፤ ይህን የምጽፈው ክፉ ነበሩ ለማለት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በእኛ ደንብ ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም፤ ክፉው ለሽማግሌ ይነገርና ሽማግሌው እስከ ጊዜው ድረስ ይይዘዋል። ስለዚህ ተስማሙ፤ ብርቄ ፊት አይለቀስ፣ ስለ በሽታው ስም አይነሣ፣ የሚጠይቃት ሰው እየሳቀ ይግባ፣ እየሳቀ ይውጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሩቅ ያለ ዘመድ አይጠራ፤ ዘመድ ሲሰበሰብ ያየ በሽተኛ ለምን እንደተሰበሰበ ያውቃልና። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«አንተ ሐኪሙን ሰምተሃል» አሉኝ ጋሽ መንገሻ። «ሰው ነህ ወይስ ልጅ ነህ?»

«ሰው ነኝ።»

«ሰው ከሆንክ ሆድህ ውስጥ ቅበረው።»

ቀበርኩት። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፤ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ምሥጢር መያዝ ለልጅ ትልቅ ማዕረግ ነው።

በግንቦትና በሰኔ ሴቶቹ ያደረጉልንን አልክድም። ሃያ የሚሆኑ እንጨት ለቃሚዎች ወደ ማታ ላይ ከተራራው ሲወርዱ በእኛ በር በኩል ያልፉና እያንዳንዳቸው ከሸክማቸው አንድ አንድ እንጨት መዘው እናቴ መደብ አጠገብ ይጥሉ ነበር። አንድ እንጨት ምንም አይደለም፤ የሃያ ሴት እንጨት ግን ሲጠራቀም እናቴ ራሷ ተራራ ወጥታ የተሸከመችው ያህል ይሆን ነበርና፣ እኔ አስሬ ወስጄ እየሸጥኩ በዚያ እንበላ ነበር። ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም፤ ቀበሌም እድርም አላዘዛቸውም። እንጨታቸውን ከጣሉ በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ ይቀመጡና የደን ዘበኛውን አካሄድ እየቀዱ፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ያንቀላፋውን ሰው እያሙ፣ ቤቱን በሳቅ ይሞሉት ነበር። እናቴም መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

በኋላ ግን ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲመላለስ አይ ጀመር። አንድ ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ «እነዚህ ሰዎች ውጋት የያዘው ሰው አይተው አያውቁም እንዴ?» አለችኝ። «አስካለን አየሃት? አፏ ይስቃል፣ እጇ ማተቧን ይዟል።»

እኔ እንጨቱን ማሰር ቀጠልኩ። እሷ ግን ልትፈትናቸው ተነሣች። በማግስቱ ሴቶቹ ተቀምጠው ሲጫወቱ በመሃል ገብታ፣ «እንግዲህ ምናልባት ብሞት እንኳ ይህ ልጅ...» ከማለቷ ሃያ አፍ በአንድ ጊዜ ተንጫጫባት። «ኧረ ተይ!» «ምን በወጣሽ!» «ሟርት ነው ይሄ፣ በስመ አብ በይ!» አንዷ ተነሥታ ትራሷን አስተካከለች፣ ሌላዋ የዘበኛውን ቀልድ እንደገና ጀመረች። እናቴ አረፍተ ነገሯን ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ልትጨርሰው ሞከረች፤ ያስጨረሳት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ከቦ ይዟት ሳለ አንድ የሚያናግራት ሰው አጥታ ነበር። ቀን ትስቃለች፤ ወደ ግድግዳው ስትዞር ግን ጣቶቿን እያጠፈች የሆነ ነገር ትቆጥር ነበር፤ እኔ ማን ጋ እንደማድር፣ የቀበሌው ቤት በማን ስም እንደሚዞር፣ ይህን ሁሉ ብቻዋን ታስብ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ እብጠቱ ፈረጠና ቁስል ሆነ። ስለ ሽታው ምን ብዬ እጽፋለሁ፤ ያላሸተተ አያውቀውም፣ ያሸተተ አይረሳውም። ሴቶቹ መግቢያው ላይ ጤና አዳም አሽተው መዳፋቸውን አፍንጫቸው ላይ ደፍነው፣ ፊታቸውን አስተካክለው «እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት!» እያሉ ይገቡ ጀመር። ቀጥሎ ይጋባል የሚል ወሬ መጣ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የጠጣችበትን ጣሳ የሚነካ ጠፋ። ከዚያ በደጃፉ ቆመው መጠየቅ ሆነ፤ በኋላም ከአጥሩ ውጪ። እንጨቱም አብሮ ይርቅ ነበር፤ በሰኔ መደቧ ሥር ይጣል የነበረው በሐምሌ መጨረሻ ደጃፉ ላይ፣ በነሐሴ አጥሩ ሥር፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ጭቃ ውስጥ አገኘው ነበር። ቁጥሩም ከሃያ ወደ አምስት፣ ወደ ሁለት ወረደ። የሃያ ሴት ቸርነት ስንት ክንድ እንደሚደርስ ያን ክረምት ለክቼ አውቄዋለሁ።

እትዬ አስካለ ብቻ አልራቀችም። በየማለዳው ሞቅ ያለ ውኃና ጨው ይዛ ትመጣና ቁስሉን እያጠበች፣ «ይኸው ዛሬማ ደርቋል! እየሻረ ነው!» ትላት ነበር። የታጠበበትን ጨርቅ ውጪ ስትጨምቅ ግን እንባዋ ከዝናቡ ጋር ይወርድ ነበር። እሷም ዋሸች። ከሁሉ የምወዳት ሰው ናት፣ እሷም ዋሸች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል፣ እናቴ ጠራችኝ።

«ና እስቲ እዚህ ቁጭ በል አባዬ። ያን ቀን ከጋሽ መንገሻ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ገብተህ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ምን አለ?»

«ውጋት ነው አለ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር። «ይሁን» አለች። ከዚያ ወደ ጣሪያው እያየች፣ «ጫልቱን ጥራልኝ» አለችኝ።

ጫልቱ ታላቅ እህቷ ናት፤ ሱሉልታ ባል አግብታ ትኖር ነበር። ሁለቱ ከተኳረፉ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ የጠባቸው ምክንያት እናታቸው ስትሞት የተወቻት አንዲት ላም ናት። እናቴ ላሚቱ ለእኔ ተብላ ነበር ስትል፣ አክስቴ ደግሞ በአገር ፊት «አልተባለችም፤ እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ፣ ያልተባለ ተባለ አልልም» ብላ ከለከለቻት። እናቴም ሁለተኛ ደጅሽን ብረግጥ ብላ ምላ ተራራውን ተሻግራ ወደ ቤታችን ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

«ላሚቱን ትብላት በላት። እሷ ብቻ ትምጣልኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አልፈልግም። ጫልቱ ክፉ አፍ ናት፣ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሸት አትችልም። አንድ ጊዜ ዓይኔን አይታ እንደሆነው ትንገረኝ፤ ከዚያ ያንተን ነገር ከእሷ ጋር እጨርሳለሁ። መንገዱን ታውቀዋለህ?»

አውቀው ነበር። ትንሽ ሳለሁ በአሕያ ጭነው ወስደውኛል፤ በእግር እንጦጦን ወጥቶ ቁልቁል ወደ ማዶ ከወረዱ ግማሽ ቀን አይሞላም።

በማግስቱ ማለዳ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሼ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፌ ባሕር ዛፉ ውስጥ ልገባ ስል ጋሽ መንገሻ ከላይ በኩል ሲወርዱ ተገናኘን።

«ወዴት ነህ በዚህ ጭቃ?»

ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ያልጠበቅሁትን ነገር አደረጉ፤ ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ከፊቴ አስተካከሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስማኝ ልጄ። እናትህ አሁን በምን ቆማ ያለች ይመስልሃል? በተስፋ ነው። እህቷ ከአራት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ድንገት በዚህ በር ብትገባ፣ እናትህ ያን ሰዓት ሞቷን ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ ሳምንት አትቆይም። ስንቱን አይቻለሁ፤ ቁስለኛ ወታደር እንኳ ካልነገሩት ይሰነብታል። ሂድ ካልክ ሂድ፤ አልይዝህም። ግን የገደልካት አንተ ነህ።»

«ታዲያ ምን ልበላት ጋሼ?»

«ነግሬያታለሁ በላት። ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ ብላለች በላት። ተስፋ ነው፤ መድኃኒት ነው።»

ወርደው ሄዱ። እኔ ወደ ማዶም አልሄድኩም፣ ወደ ቤትም አልተመለስኩም፤ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ካፖርቱን ተከናንቤ፣ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን መንገድ እያየሁ ዋልኩ። በዚያ መንገድ አሕያ የሚነዱ ሰዎች እየዘፈኑ ያልፉ ነበር። አንዱን «የጫልቱን ቤት ታውቃለህ?» ብለው ይበቃ ነበር። አላልኩም። ወደ ማታ ላይ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ተለውሼ ስገባ እናቴ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች፤ ከሳምንታት በኋላ ቀና ስትል ማየቴ ነበር።

«አገኘሃት?»

«አገኘኋት።»

«ምን አለች?»

«ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ አለች።»

«ስለ ላሚቱስ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ሳቀች» አልኳት።

እናቴም ሳቀች። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች፤ «ያቺ ደረቅ!» እንደማለት ነው። ያን ሳምንት ፀጉሯን አስካለ እንድትሠራት ጠየቀች፣ ጥሩውን ነጠላዋን አስወርዳ አሳጠበች፣ ገንፎም ቀመሰች። ጋሽ መንገሻ ሰምተው ትከሻዬን ቸብ አድርገው «አየህ?» አሉኝ። እኔም አየሁ፤ ውሸቴ እናቴን ሲያበላት በዓይኔ አየሁ። ለዚህ ነው ያኔ ትክክል የሠራሁ የመሰለኝ።

ተስፋ ግን የሚበላው ሲያጣ ባለቤቱን ይበላል። ጳጉሜ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ እናቴ ውጪ ውሻ በጮኸ ቁጥር ፊቷን ወደ በሩ ታዞር ነበር። ሴት ድምፅ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን በደኅናው እጇ ትስብ ነበር። ዝናቡ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ፈጽሞ አባራ፤ መንገዱ ደረቀ፤ ከሱሉልታ ቅቤና እንቁላል የሚያመጡ ሰዎች በመንደራችን ማለፍ ጀመሩ። እናቴ ከመደቧ መነሣት ስለማትችል ውጪውን አታይም ነበር፤ ቆርቆሮው ዝም ማለቱን ግን ትሰማ ነበር። ጠየቀችኝ።

«ዝናቡ አባራ እንዴ?»

«አላባራም እማዬ።»

የቤታችን ቆርቆሮ በምስማር የተበሳሳ ነበር። በአንደኛው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገብቶ፣ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ፣ ብርድ ልብሷ ላይ አርፎ ነበር። እናቴ ጨረሩን አየችው። እኔንም አየችኝ።

«አንተም?» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ምን እንደገባት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ እንዳልሄድኩ ይሁን፣ ወይስ ሄጄ እህቷ እምቢ ብላኝ እንደደበቅኋት። ሁለተኛውን ሳይመስላት አልቀረም፤ ምክንያቱም በሩን ማየት ተወች፣ ሌላው ቀርቶ ውሻ ሲጮኽ እንኳ ፊቷን አታዞርም ነበር። በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ እትዬ አስካለ የጨው ውኃዋን ይዛ ስትገባ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች ሞታ አገኘቻት።

የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙልኝ፤ ጥሩምባው ከመነፋቱ ጋሽ መንገሻ አንድ እግረ ቀላል ጎረምሳ ጠርተው «ሩጥ፣ ሱሉልታ እህቷ ዘንድ መርዶ አድርስ» አሉት፤ ጎረምሳው ሮጠ፤ አክስቴ ጫልቱም በዚያው ቀን፣ ቀብሩ ሳይፈጸም ደረሰች። ለታመመችው ክረምቱን ሙሉ ያልተገኘ መልእክተኛ ለሞተችው በአንድ ሰዓት ተገኘ። ያ በሽታውን የሸሸ መንደርም በሙሉ መጣ፤ ድንኳኑ ጠበበ፤ አስከሬኗን ለመሸከም ወንዶቹ ተሻሙ።

አክስቴ ከቀብር መልስ ደረቷ እስኪቀላ ደቅታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ አገኘችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ የእናቴ ዓይን ነበር።

«ጠርታኝ ነበር?» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ከመሞቷ በፊት ስሜን አንሥታ ነበር?»

ጋሽ መንገሻ ሁለት ክንድ ያህል ርቀው ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡኝም፣ አልጠቀሱኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ።

«አላነሣችሽም» አልኳት። «ድንገት ነው የሞተችው።»

እጇ ከፊቴ ላይ ወረደ። «እንግዲህ ቂሟን ይዛ ሄደች» አለች፤ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች።

በአርባኛው ቀን አክስቴ ያችን ላም ከሱሉልታ ድረስ ነድታ አመጣቻትና ለእህቷ ተዝካር አሳረደቻት። «የአንቺው ናት፣ ውሰጃት» እያለች እያለቀሰች። መንደሩም መጣ፤ ያ ሁሉ አፍንጫውን ደፍኖ የሸሸ ሰው እጁን ታጥቦ ቀረበና በላ። እኔ አልበላሁም። እትዬ አስካለም አልበላችም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ አሳደገችኝ፣ እስክትሞትም ድረስ እናቴን ያጠበችበትን ማለዳ አንሥተን አውርተን አናውቅም።

ደርግ ወደቀ። ጋሽ መንገሻም ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፣ አላለቀስኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ቀን ድንጋይ ስጠርብ እየዋልኩ ማታ ከልጄ እኩያዎች ጋር ተቀምጬ ነው። ሰዎች ማንበብ ስትችል ምን አነበብክ ይሉኛል። ሆስፒታል ወረፋ ቆሜ የበሽታውን ስም ግድግዳ ላይ፣ በትልቁ፣ ማንም ሳይደብቀው ተጽፎ አነበብኩ። ዛሬ ሐኪሙ በሽተኛውን አስቀምጦ ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ በሽተኞቹም ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ሲጽናኑ አይቻለሁ። በሰፈራችን ግን አንዱ ሲታመም አሁንም «ለእሱ እንዳይነገር» የሚሉ አሉ፤ ሱሉልታ በአስፋልት በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት፣ እህት በስልክ ጣት ነክቶ የምትገኝበት ዘመን ሆኖ ሳለ፣ ስልኩን በኪሳቸው ይዘው «አትደውሉላት፣ ይጠረጥራል» ይላሉ። እሰማቸዋለሁ። አንዳንዴ እናገራለሁ፣ አፌ ክፉ ነውና አይወዱኝም።

አክስቴ ጫልቱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቅቤ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ቁጭ ትልና ስለ ልጅነታቸው ታወራልኛለች፤ ሁልጊዜ መጨረሻው አንድ ነው፤ «ደግ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ ቂም አሸነፋት። አንድ ቀን እንኳ ብትጠራኝ በጉልበቴ ድኼ በመጣሁ ነበር» ትላለች። እኔ ቅቤውን እቀበልና «አዎ» እላለሁ። ትዳር ያዝኩ፣ ወለድኩ፣ ፀጉሬ ሸበተ፤ እሷም አረጀች፣ ምርኩዝ ያዘች፣ መምጣት ሲያቅታት እኔ መሄድ ጀመርኩ። ጥቂት ዓመት ሆኗታል ከሞተች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ቀን በፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጆሮዋ ደኅና፣ አእምሮዋ ደኅና፣ በአጠገባችን ማንም የለም። ያንኑ አለችኝ። እኔም ያንኑ አልኳት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከፊቴ ሽማግሌ ነበር፣ ከዘራም ነበር፣ እናትህን ትገድላታለህ የሚል ቃልም ነበር። ያችን አንድ ቀን ያዘዘኝ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሠላሳ ዓመት ግን ማንም አላዘዘኝም።